ፀሐይን የፈጠረች መምህርት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል «የልጆች ፕሮግራም» ሲባል ቀድመው የሚታወሱት አባባ ተስፋዬ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ በዚያው ጣቢያ የስድስት ዓመት የአሻንጉሊት ቀጭኔ ብቅ አለች። ስሟ ፀሐይ፣ ፕሮግራሙም «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ነው።

የፀሐይ ፈጣሪ ብሩክታዊት ጥጋቡ ወደ ሙያው የገባችው ከፊልም ትምህርት ቤት ሳይሆን ከአንደኛ ደረጃ መምህርነት ነው። ለአንድ ክፍል ተማሪዎች የምትሰጠውን ትምህርት ለአገሩ ልጅ ሁሉ ለማድረስ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቋመች። አሻንጉሊቶቹን ራሳቸው ሠሩ፤ የቤታቸው ሳሎንም ስቱዲዮ ሆነ። የፀሐይ ድምፅ የራሷ የብሩክታዊት ነው።

እንዲህ ባለ ሥራ ፕሮዲዩሰር ገንዘቡን፣ ባለሙያውንና ጊዜውን ያሰናዳል፤ ዳይሬክተር ድርሰቱን ወደ ምስልና ድምፅ ይለውጣል። በአሻንጉሊት ፕሮግራም ዳይሬክተሩ የአንቀሳቃሹ እጅ ካሜራ ውስጥ እንዳይገባ፣ የአሻንጉሊቷም አፍ ከቃሉ ጋር እንዲገጥም ይቆጣጠራል። ተመልካቾቹ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ሲሆኑ ደግሞ አንድ ዝግጅት ብዙ ነገር አይሸከምም፤ ፊደል ከሆነ ፊደል፣ እጅ መታጠብ ከሆነ እጅ መታጠብ፣ እሱኑ በዘፈንም በጨዋታም እየደጋገመ ያስጨብጣል። ልጅ የቱ ጋ እንደሚሰለች፣ የቱ ጋ እንደሚስቅ ደግሞ ክፍል ውስጥ ቆሞ ያስተማረ ሰው ያውቃል። የብሩክታዊት ብርታት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ሥራው እ.ኤ.አ. በ2008 በፕሪ ጁነስና በጃፓን ፕራይዝ ውድድሮች ተሸልሟል፤ በ2010 ብሩክታዊት የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት አግኝታለች። ድርጅቷ በኋላ «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘውን ተከታታይ የአኒሜሽን ፊልም ሠርቷል።

ለእኛ ለጅማዎች ትልቁ ቁም ነገር ቋንቋው ነው። በከተማችን በቦሳ አዲስ ሰፈር አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ ግቢ ይሰማሉ፤ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ የቡና ቀበሌዎች ሲዘለቅ ግን ልጁ አፉን የሚፈታው በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ነው። ፀሐይ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች መናገሯ እነዚህን ልጆች ከተመልካቾቿ ቆጥሯቸዋል።

በአካባቢያችን ለልጆች ፕሮግራም መሥራት የሚያስብ ወጣት እንግዲህ አስቀድሞ መዋዕለ ሕፃናት ገብቶ መምህራኑን ያማክር፤ ድርሰቱንም ካሜራ ከማንሣቱ በፊት ለልጆቹ ያንብብላቸው።