አራት ቁጥሮች ከአንዲት ቮልስ

የኮምፕሬሽን መለኪያ ቀላል ዕቃ ናት፤ ሰዓት የመሰለ ፊት፣ አንድ ቱቦ፣ ጫፏ በካንዴላ ቀዳዳ የሚገባ። ፒስተኑ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቀው ትነግረናለች። ሞተሩን ማሞቅ፣ አራቱንም ካንዴላ ማውጣት፣ የቦቢናውን ሽቦ መንቀል፣ ነዳጁን እስከ ታች ረግጦ በሞተሪኖ ማዞር፤ በቃ። ነዳጅ ሳይረግጡ የሚለኩ ግን ያናድዱኛል። አየር ያልገባለት ሲሊንደር ምኑን ይመቅ?

የአጎቴ ቮልስዋገን ዳገት እንቢ ስትል አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ አስገባናት። ወጣቱ መካኒክ አንዱን ሲሊንደር ለካ፤ 6 ባር። «መጽሐፉ 8 ይላል። የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለ።

ስንት ጤነኛ ሞተር በዚህች ቃል ተፈትቷል! መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር የቆላ ቁጥር ነው፤ ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆነ አገር የወጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፒስተን ያገኘውን አየር ነው የሚያምቀው፤ አየሩ ከሳሳ ንባቡም በዚያው ልክ ይወርዳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 8 ባር ያሳየ ሞተር እንጦጦ ግርጌ 6 ቢያሳይ አንዳች አልጎደለበትም። ስለዚህ ሲሊንደር ከመጽሐፍ ጋር ሳይሆን ከወንድሞቹ ጋር ነው የሚነጻጸረው።

አጎቴም «የኔ ልጅ፣ የቀሩት ሦስቱስ?» አለው። ለካቸው፤ 6፣ 4፣ 6። 4 ያሳየው 3ኛው ሲሊንደር ነበር።

የቮልስ 3ኛ ሲሊንደር የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1970 ድረስ በተሠሩት ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የእሱን ንፋስ ስለሚጋርድ ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። ሙቀቱ የጭስ ማውጫውን ቫልቮላ ክፍተት ቀስ በቀስ ያጠበዋል፤ በመጨረሻ ቫልቮላው ገጥሞ መዝጋት ያቅተውና እመቃው ያፈተልካል። ቶሎ ካልተደረሰለት ይቃጠላል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ክዳኑን ስንከፍት ክፍተት የሚባል ነገር አልነበረም። 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካከልነው። እንደገና ሲለካ መርፌው 6 ላይ ቆመ።

የፋሻን ጥፋት ከቫልቮላ ጥፋት ለመለየት ሲሊንደሩ ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ መለካት ቀጥ ብለው ለቆሙ ሲሊንደሮች ጥሩ ነው፤ ንባቡ ከወጣ ጥፋቱ የፋሻ ነው። የቮልስ ሲሊንደሮች የተጋደሙ ስለሆኑ ግን ዘይቱ ከታች ይተኛል፣ ሰውን ያሳስታል። እኔ በጆሮ ማዳመጡን እመርጣለሁ፦ ሁለቱም ቫልቮላዎች በተዘጉበት ቦታ ላይ ፒስተኑን አቁሞ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ማስገባት። በጭስ ማውጫው ከተነፈሰ የጭስ ቫልቮላ፣ በካርቡራተሩ ከተነፈሰ የማስገቢያው፣ በዘይት መሙያው ከተነፈሰ ፋሻ ነው።

መካኒክዎ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ሞተር ይውረድ ካለዎት አይፍቀዱ። አራቱንም በወረቀት ጽፎ ያሳይዎት።