የባውሃውስ መስታወትና የየካ ፀሐይ

ከእንጦጦ ኮረብቶች ላይ ሆኖ ቁልቁል ወደ የካ ለሚመለከት ሰው ሁለት ዓይነት ሕንፃዎች ከሌሎቹ ተለይተው ይታዩታል። አንደኞቹ ወደ ምሥራቅ ጫፍ የተደረደሩት የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ናቸው። ሁለተኞቹ በመገናኛ ዙሪያ የበቀሉት፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሱ ሕንፃዎች ናቸው። ለመሆኑ እነዚህ መልኮች ከየት መጡ? ነገሩን ወደ ኋላ ብንከተለው ከሚያደርሱን ስፍራዎች አንዱ 14 ዓመት ብቻ የኖረ የጀርመን ትምህርት ቤት ነው።

ባውሃውስ ይባላል፤ የግንባታ ቤት እንደ ማለት ነው። መሐንዲሱ ዋልተር ግሮፒየስ እ.ኤ.አ. በ1919 በቫይማር ከተማ አቋቋመው። አዲስ የገባ ተማሪ በመጀመሪያ ወረቀትን፣ እንጨትን፣ ብረትንና መስታወትን በእጁ እየዳሰሰ፣ እያጠፈና እየሰበረ ጠባያቸውን እንዲያውቅ ይደረግ ነበር። ከዚያም ወደ አናጢነት፣ ወደ ሽመና ወይም ወደ ብረታ ብረት ወርክሾፕ ይገባል። ከመምህራኑ መካከል ሠዓሊዎቹ ካንዲንስኪና ክሌ ይገኙበታል። ትምህርት ቤቱ በ1925 ወደ ዴሳው፣ በ1932 ወደ በርሊን ተዛወረ፤ በ1933 በናዚዎች ግፊት ተዘጋ። መምህራኑና ተማሪዎቹ በየአገሩ ሲበተኑ ሐሳባቸውም አብሯቸው ተበተነ። የእኛው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥዕል የተማረበት የኮሎኝ ትምህርት ቤትም ጥበብን ከእጅ ሙያ ጋር ያገናኘው የዚሁ የጀርመን ባህል ወገን ነበር።

አሁን ወደ ኮንዶሚኒየሙ እንምጣ። ግሮፒየስ ከ1926 እስከ 1928 ድረስ በዴሳው ዳርቻ፣ ቶርተን በተባለ ሰፈር፣ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች 314 ቤቶች ሠራ። አሸዋና ጠጠር እዚያው ቦታው ላይ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ከብረት ማቅለጫ ዝቃጭ የተሠሩ ውስጠ ክፍት ብሎኬቶችንና የአርማታ ቢሞችን በግንባታው ስፍራ እያመረቱ፣ ቤቱን እንደ ፋብሪካ ዕቃ በተርታ ገጣጠሙት። በአዲስ አበባስ? እ.ኤ.አ. በ2004 በቦሌ ገርጂ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ የተጀመረው የሙከራ ግንባታ፣ ከዚያም ወደ ትልልቆቹ የጋራ መኖሪያ ቤት ሳይቶች የተሸጋገረው ሥራ፣ የተመሠረተው በብሎኬትና ቀድሞ በተመረተ ፕሪካስት ቢም ላይ ነው። ብሎኬቱን፣ በሩንና መስኮቱን ጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ያቀርቡ ነበር። የገርጂው ከቶርተን ተቀዳ ማለታችን አይደለም። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ብዙ ቤት በጥቂት ሲሚንቶና በጥቂት ብረት እንዴት ይሠራል? የመልሱም ስሌት ተቀራራቢ ሆነ።

ስሌት ግን ነዋሪውን ሁሉ አይይዝም። የቶርተን ነዋሪዎች ብዙ ሳይቆዩ መስኮቶቻቸውን እየቀየሩ እንደየፍላጎታቸው አደረጓቸው። በእኛ በኩል እንጀራ መጋገርና በግ ማረድ በአራተኛ ፎቅ ላይ እንደማይመች አስቀድሞ ታስቦ፣ በየብሎኮቹ መካከል የጋራ መገልገያ ቤት ተሠራ። በእኛ አስተያየት ከንድፉ ሁሉ ይበልጥ ባውሃውሳዊ የሆነው ይኸው ነው፤ ከመልክ ይልቅ ከአገልግሎት ተነሥቷልና።

የመስታወቱ ነገር ግን ሌላ ነው። በ1926 የተመረቀው የዴሳው ትምህርት ቤት የወርክሾፕ ክፍል ትልቅ የመስታወት ግድግዳ ነበረው፤ ፎቶግራፉም በዓለም ዞረ። በውስጡ የሚሠሩት ግን በበጋ ይሞቃቸው፣ በክረምት ይበርዳቸው ነበር። ምክንያቱ ቀላል ፊዚክስ ነው። መስታወት የሚታየውን ብርሃን ያስገባል፤ ብርሃኑ ወለሉንና ዕቃውን ያሞቃል። የሞቀው ዕቃ መልሶ የሚለቀውን ረጅም ሞገድ ያለውን ጨረር ግን መስታወቱ አያሳልፍም። ሙቀቱ እንደ ገባ ይቀራል። ከግሮፒየስ ቀጥሎ ዳይሬክተር የሆነው ሐነስ ማየር ንድፍ ከፀሐይ ማዕዘን ስሌት እንዲነሣ አጥብቆ ያስተማረ ሰው ነበር። ወደ ብዙ አገር የደረሰው ግን ፎቶግራፉ ነው፤ ስሌቱ ዴሳው ቀረ።

እስቲ ስሌቱን ለየካ እናምጣው። ዴሳው 52 ዲግሪ ያህል ሰሜን ላይ ስላለች በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ከአድማስ 15 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ትላለች። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ በመሆኗ ያው ቀን 58 ዲግሪ ያህል ነው፤ በሰኔ ደግሞ ፀሐይ ወደ ሰሜን ዞራ 76 ዲግሪ ያህል ትደርሳለች። ስለዚህ ፊቱን ወደ ደቡብ ያደረገ፣ ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ መስኮት በታኅሣሥ እኩለ ቀን ሙሉ በሙሉ እንዲጠለል ከበላዩ 95 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ያለ ጥላ ይበቃዋል። ለሰሜኑ መስኮት 40 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ምሥራቅንና ምዕራብን የሚያይ መስታወት ግን ፀሐይን ዝቅ እንዳለች ፊት ለፊት ይቀበላታል። 25 ዲግሪ ላይ ስትሆን ያንኑ መስኮት ለመጠለል ከ3 ሜትር በላይ የሚረዝም ጥላ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በረንዳ እንጂ የመስኮት ጥላ አይባልም። ከተማችን በ2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ጨረሩም ብዙ ሳይዳከም ይደርሰናል። አገራችን ደጋ ነውና በታኅሣሥ ጠዋት ጥቂት ፀሐይ አይጠላም፤ ነገር ግን ልኩን የሚወስነው ንድፍ አውጪው መሆን ነበረበት።

የእንጦጦን ብርድ የሚያውቁት አሮጌዎቹ የድንጋይ ቤቶች ሌላ መላ አላቸው። 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ የቀኑ ሙቀት ወደ ውስጠኛው ገጽ ለመድረስ 9 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የእኩለ ቀኑ ሙቀት ቤት የሚገባው ሰው ብርድ ልብሱን በሚፈልግበት ሰዓት ነው። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀነስ ጊዜውም በግማሽ ይቀነሳል፤ መስታወት ደግሞ ከነጭራሹ አያቆይም።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት፣ ልደታ በሚገኘው ግቢው፣ ከቫይማሩ ባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሙከራ ቤቶችን ሠርቷል። የትምህርት ቤቱ ውርስ በቀጥታ ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ይህ ነው፤ የመጣውም በወርክሾፕ በኩል ነው።

ተማሪዎች ስሌቱን ያለ መሣሪያ ሊፈትኑት ይችላሉ። አንድ ሜትር በትር ደልዳላ ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከል ይበቃል። በታኅሣሥ 12 ወይም 13፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ፣ ጥላው ወደ ሰሜን 63 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወድቃል። በሰኔ 14 ደግሞ፣ ደመናው ከፈቀደ፣ ወደ ደቡብ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል።