ለሰማይ ተመልካች ትክክለኛው ሰከንድ ከየት ይገኛል?

በቴሌቪዥን ማያ ጥግ የሚታየውን ሰዓት አይቶ የእጅ ሰዓትን ማስተካከል የብዙ ቤተሰብ ልማድ ነው። ይህ ለዕለት ኑሮ ይበቃል፤ የሰማይ ክስተትን ለመመዝገብ ግን አይበቃም። ሥርጭቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው ሳተላይት ወጥቶ ሲመለስ ብቻ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ምስሉን ለመጭመቅና ለመፍታት የሚወስደው ጊዜ ሲታከልበት መዘግየቱ በርካታ ሰከንዶች ይደርሳል።

የአንድ ሰከንድ ስሕተት ቀላል አይደለም። አንድ አስትሮይድ በኮከብ ፊት ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን ለአፍታ ይጠፋል። ተመልካቾች በልዩ ልዩ ቦታ ሆነው ብርሃኑ የጠፋበትንና የተመለሰበትን ቅጽበት በመመዝገብ የአስትሮይዱን ስፋትና ቅርጽ ያሰላሉ። ጥላው በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ፣ የአንድ ሰከንድ መዛነፍ በስሌቱ ላይ የ10 ኪሎ ሜትር ስሕተት ይሆናል።

ለግድግዳ ሰዓት በሬዲዮ ምልክት ራሱን የሚያስተካክለው ዓይነት ተመራጭ ነው። አውሮፓ ውስጥ ምልክቱ ከጀርመን ማይንፍሊንገን በ77.5 ኪሎ ኸርዝ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከኮሎራዶ ፎርት ኮሊንስ በ60 ኪሎ ኸርዝ ይሠራጫል። ይሁን እንጂ ያው ሰዓት በስጦታ ወደ አዲስ አበባ ቢላክ ምልክቱ ስለማይደርሰው እንደ ተራ የኳርትዝ ሰዓት እየተዛነፈ ይሄዳል።

ኮምፒውተር ሰዓቱን የሚያገኘው ኤንቲፒ በተባለው ሥርዓት ከኢንተርኔት ነው። ሥርዓቱ የመልእክቱን የደርሶ መልስ ጊዜ ለክቶ መዘግየቱን ያርማል። ግንኙነቱ ጥሩ ከሆነ ስሕተቱ ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ብቻ ነው፤ የመሄጃውና የመመለሻው ፍጥነት ሲለያይ ግን ስሕተቱ ይጨምራል።

ለጥብቅ ምልከታ በየሰከንዱ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ትርታ የሚሰጥ የጂፒኤስ መቀበያ ይመረጣል። ሰማይ እስከታየው ድረስ ዱባይም ሆነ ባሕር ዳር ያገለግላል፤ የትርታው ስሕተት ከአንድ ማይክሮ ሰከንድ በታች ነው። የጂፒኤስ ሰዓት ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ከዩቲሲ፣ በ18 ሰከንድ ይቀድማል። መቀበያው ማረሚያውን ከሳተላይት እስኪያገኝ 12.5 ደቂቃ ሊወስድበት ስለሚችል፣ ምልከታ ከመጀመሩ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ መክፈት ይገባል።

መዝገቡም በዩቲሲ ይያዝ። ዩቲሲ 12:00 ሲል አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ በውጭው አቆጣጠር ደግሞ 15:00። የትኛው እንደሆነ ያልተጻፈበት ሰዓት፣ ሰከንዱ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ለሌላ ተመልካች አይጠቅምም።