ሕመሙ እምቢተኝነት አይደለም

በትዳር ምክር ጊዜ እህቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከሚነግሩን ጉዳዮች አንዱ በግንኙነት ጊዜ የሚሰማቸው ሕመም ነው። ባል «አትወደኝም» ብሎ ያዝናል፤ ሚስት «እኔ ጎዶሎ ነኝ» ብላ ታለቅሳለች። «መንፈስ ነው» የሚሉም አሉ። መጸለይ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕመሙ ስም እንዳለውና እንደሚታከም ማወቅም ያስፈልጋል።

ሐኪሞች ቫጂኒስመስ የሚሉት ችግር አለ። በሴት ብልት መግቢያ ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ሳታዝዛቸው ይኮማተራሉ። አቧራ ሲመጣ ዓይናችን ሳናስበው እንደሚጨፈን ማለት ነው። የተኮማተረ ጡንቻ ሲገፋ ያማል። ሰውነትም ያመመውን አይረሳምና በሚቀጥለው ጊዜ ገና ሳይነካ ይፈራል፤ ፍርሃቱ መልሶ ጡንቻውን ያጠብቀዋል። ባሏን የምትወድና የምትፈልግ ሴትም ይህ ሊደርስባት ይችላል።

መነሻው ብዙ ነው። «ግንኙነት ነውር ነው» እየተባሉ ማደግ ወይም ቀድሞ የደረሰ ጥቃት ፍርሃትን ይተክላል። ኢንፌክሽን፣ በወሊድ ጊዜ የተሰፋ ቁስል፣ በማጥባትና በማረጥ ጊዜ የሚመጣ ድርቀትም ያሳምማሉ። በአገራችን ግርዛትንም መርሳት አይቻልም፤ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 65 በመቶው መገረዛቸውን አሳይቷል። ጠባሳ ያለባትን እህት «ቻይው» ማለት መፍትሔ አይሆንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ የሚያመውን ነገር አቁሙ። «ሲለመድ ይተዋል» እያሉ መቀጠል ፍርሃቱን ያጠነክረዋል። ቀጥሎ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሴት ሐኪም መጠየቅ ይቻላል፤ ምርመራው ካስፈራሽም «ይቁም» ማለት መብትሽ ነው። ደም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ትኩሳት ካለ አትዘግዩ።

ሐኪሙ ሌላ በሽታ ካላገኘ ሥራው ጡንቻውን ማስተማር ነው። በቀስታ እየተነፈሱ ጡንቻውን ማጥበቅና ማላላት ይለመዳል። በባለሙያ ምክርም ከቀጭን ጀምረው እየወፈሩ የሚሄዱ ለስላሳ የሕክምና መሣሪያዎችን ሴቲቱ በገዛ እጇ፣ በራሷ ፍጥነት ትለማመድባቸዋለች። ለድርቀት ከፋርማሲ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ይገኛል፤ ቫዝሊንና ዘይት ግን የላቴክስ ኮንዶምን ያበላሻሉ። ፍርሃቱ ከጥቃት የመጣ ከሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያም ያስፈልጋል።

ወንድሜ ሆይ፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 7ን ሚስትህን ለማስገደድ አትጥቀስባት። ሐዋርያው በዚያው ቦታ የአንተም ሰውነት የእርሷ መሆኑን ይናገራል፤ መስማማትንም ይጠይቃል። ለጥቂት ወራት ወደ ግንኙነት የማያመራ እቅፍና ጨዋታ ብቻ ይሁን ብላችሁ ተስማሙ። አልጋው ፈተና መሆኑ ሲቀር ሰውነቷም ዘብ መቆሙን ይተዋል።

እህቴ ሆይ፣ አንቺም ዛሬ ማታ ለባልሽ «ያመኛል፤ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሂድ» በዪው። ሕክምናው ከዚህ ቃል ይጀምራል።