በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ድምፅ ስለማግኘት

በዛሬው ጊዜ ዘፈን ማግኘት ችግር አይደለም። ማንኛውም ተማሪ በኪሱ በያዘው ስልክ የፈለገውን ዘፈን ከኢንተርኔት ያዳምጣል፤ አምሃ እሸቴ እ.አ.አ. ከ1969 ጀምሮ ካሳተማቸው ሸክላዎች እንኳ ብዙዎቹ ዛሬ በዚሁ መንገድ ይገኛሉ። ችግሩ በምን እንደምንሰማው ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የስልክ እስፒከር ግን ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ለማውጣት አይችልም። የበገናም ነገር እንዲሁ ነው። ስለዚህ በስልክ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ግማሹን ሰምቶ ሙሉውን የሰማ ይመስለዋል።

ተማሪ ደግሞ ገንዘቡ ጥቂት ነውና፣ አንድ ጊዜ ተሳስቶ ከገዛ ሁለተኛ የሚገዛበት የለውም። ስለሆነም ገንዘቡ በየትኛው ዕቃ ላይ መዋል እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፦ አብዛኛው ገንዘብ ለእስፒከር፣ የተረፈው ለአምፕሊፋየር ይሁን፤ ዘፈኑን ለማምጣት በእጅ ያለው ስልክ ይበቃል።

ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስልኩና አምፕሊፋየሩ የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ላይ ብቻ ሲሆን፣ እስፒከሩ ግን አየሩን ራሱን ማንቀሳቀስ አለበት፤ ድምፁ ይበልጥ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ከኢንተርኔት የሚቀበሉ ዕቃዎች ቶሎ ያረጃሉ። ጉግል እ.አ.አ. በ2015 ያወጣው ክሮምካስት ኦዲዮ የተባለው ትንሽ መቀበያ በ2019 መመረቱ ቀርቷል። በጥንቃቄ የተያዘ እስፒከር ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለግላል።

ስቴሪዮ ማለት ለቀኝና ለግራ ጆሮ የተለያየ ድምፅ ማቅረብ ስለሆነ፣ ሁለት እስፒከር ያስፈልጋል። መብራቱ የሚብለጨለጨው አንድ ሣጥን የቱንም ያህል ቢጮኽ ይህን በደንብ አይሰጥም። በላዩ ላይ የሚጻፈው «3000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚለውም ቁጥር ቁርጥ ያለ መለኪያ የሌለው የማስታወቂያ ቁጥር ነው። መታየት ያለበት «አር.ኤም.ኤስ.» የሚለው ነው፤ ለአንድ ክፍል 20 እውነተኛ ዋት ይበቃል። ከዚህም ጋር እስፒከሩ በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ መመልከት ነው። 3 ዴሲቤል መጨመር እጥፍ ኃይል ይጠይቃልና፣ 89 ዴሲቤል የሚሰጥ እስፒከር በ20 ዋት የሚሠራውን፣ 86 የሚሰጠው በ40 ዋት ይሠራዋል።

አሮጌ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም፤ ይልቁንም ለተማሪ ዋናው መንገድ ነው። ነገር ግን ሦስት ነገር ሳይመረመር ገንዘብ አይከፈል። መጀመሪያ የአምፕሊፋየሩ ጀርባ ይነበብ፦ ለጃፓን የተሠራ 100፣ ለአሜሪካ የተሠራ 120 ቮልት ነው፤ በኛ 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይቃጠላል። ቀጥሎ የእስፒከሩ ኦም ለአምፕሊፋየሩ ከተፈቀደው እንዳያንስ ያስፈልጋል። በመጨረሻም በእስፒከሩ ወረቀት ዙሪያ ያለው ስፖንጅ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር እንዳይሆን ነው፤ ጎማ የሆነው የበለጠ ዕድሜ አለው።

ስልኩን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ተራ ሽቦ ያገናኘዋል። ብሉቱዝም ቢሆን ድምፁን አምቆ ስለሚያስተላልፍ ጥቂት ይቀንስ እንደሆነ እንጂ የሚናቅ አይደለም። «ከፍተኛ ጥራት» ለሚባለው ግን ሒሳቡን እንይ። በሴኮንድ 320 ኪሎቢት የሚመጣ ዘፈን በሰዓት 144 ሜጋባይት ይበላል፤ ሳይታመቅ በሲዲ ልክ የሚመጣው ደግሞ 635 ያህል። በየቀኑ አንድ ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው ይህ በወር በ4 እና በ19 ጊጋባይት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ልዩነቱን በጆሮ ለይቶ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ በኪስ ግን ሁሉም ያውቀዋል። የሚወዱትን ዘፈን አንድ ጊዜ አውርዶ ደጋግሞ መስማት ከሁሉ ይረክሳል።

ያለ ዋጋ የሚገኘው ማሻሻያ አቀማመጥ ነው። ሁለቱ እስፒከሮችና አድማጩ ጎኖቹ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ የቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ እስፒከር በጆሮ ትክክል ትሁን። ማዕዘን ውስጥ የተወሸቀ እስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ከልክ በላይ ያጎላዋል። ባዶ ግድግዳ ድምፁን ስለሚያስተጋባ፣ መጋረጃ ወይም የተሰቀለ ጋቢ ይረዳል።

በመጨረሻም ሻጩ የሚያስጮኸውን ዘፈን ትተን፣ ቃል በቃል የምናውቀውን አንድ ዘፈን ይዘን እንሂድ። ድምፁንም ዝቅ አድርገን እንስማው። ዝቅ ሲል ቃሉም ቤዙም ተለይተው የሚሰሙበት እስፒከር ጥሩ ነው፤ ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ለፈተና የሚያጠናውም ጓደኛ ያመሰግነናል።