አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን
ነገሩ ከሆነ 1600 ዓመት አልፎታል። አንዲት መርከብ ወደ ጢሮስ ስትመለስ፣ ውኃ ልትቀዳ ቀይ ባሕር ዳር ቆመች። ጢሮስ ዛሬ ሊባኖስ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። በወደቡ ጠብ ተነሣና ተሳፋሪዎቹ ተገደሉ። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የሚባሉ ልጆች ግን ተርፈው ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ።

ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ ሆነ። ፍሬምናጦስ ግን ጽሕፈትና ሒሳብ ያውቅ ነበርና ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተደረገ። ንጉሡ ሲሞት ወራሹ ገና ልጅ ነበረ። እናቲቱም ልጇ እስኪያድግ እንዳይሄዱባት ለመነቻቸው። እነሱም እሺ ብለው መንግሥቱን አብረዋት ጠበቁ።

ልጁ ሲያድግ ተሰናበቱ። ኤዴስዮስ አገሩ ገባ። ፍሬምናጦስ ግን አገሬ ልግባ አላለም። እስክንድርያ ወርዶ፣ ሊቀ ጳጳሱ አትናቴዎስ ለአክሱም ጳጳስ እንዲልክ ለመነ። አትናቴዎስም እሱኑ ሾሞ መለሰው።

ሕዝቡ ከሣቴ ብርሃን አለው፤ ብርሃንን የገለጠ ማለት ነው። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ተቀበለ። በገንዘቡም ላይ የጨረቃ ምልክት ቀርቶ መስቀል ታተመ። ከዚያ ወዲህ ጳጳስ ከግብፅ ማምጣት ልማድ ሆኖ ቆየ፤ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ።

እኛም ሀ፣ ሁ፣ ሂ ብለን የተማርነው ፊደል በዚያው በኢዛና ዘመን በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ምርኮኛውን ልጅ ለአገር ያበቃው ፊደል ማወቁ ነው።