ከሐርቡ ወደ ኮምቦልቻ የሚላክ ሲቪ

ሲቪ የሥራ ፈላጊው ትምህርት፣ የሥራ ልምድና ችሎታ ለቀጣሪ በአጭሩ የሚቀርብበት ጽሑፍ ነው። ለጀማሪ አንድ ገጽ፣ ብዙ ዓመት ለሠራ ሰው ሁለት ገጽ ይበቃል። ሥራውን ራሱን አያስገኝም፤ ለፈተና ወይም ለቃለ መጠይቅ ካስጠራ ድርሻውን ተወጥቷል።

በደቡብ ወሎዋ ሐርቡ ለሚኖር ወጣት ቅርቡ የቅጥር ገበያ ኮምቦልቻ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡና በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ እዚያ ይገኛሉ። የሥራ ማስታወቂያ የትምህርት ደረጃንና የልምድ ዓመትን ይጠቅሳል፤ ማመልከቻ የሚለየው የሰው ኃይል ሠራተኛም መጀመሪያ የሚያመሳክረው እነዚህን ነው። ማስታወቂያው በአካውንቲንግ ዲግሪና 2 ዓመት ልምድ ከጠየቀ ሁለቱም በገጹ የላይኛው ግማሽ ላይ መታየት አለባቸው። ትምህርትም ሥራም ከቅርብ ጊዜው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይዘረዘራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ የመውጫ ፈተናውን ማለፉን፣ ከቴክኒክና ሙያ የወጣ ደግሞ የሙያ ብቃት (ሲኦሲ) ምዘናውን ከነደረጃው ይጠቅሳል።

ብዙ ሲቪ የሚበላሸው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ የቆየ የሌላ ሰው ፋይል ይከፈታል፣ ስሙ ይቀየራል፣ ቀሪው እንዳለ ይታተማል። «ታታሪ፣ ጫና የሚቋቋም፣ በቡድን መሥራት የሚችል» የሚለው መስመር በመቶ ሰው ሲቪ ላይ ስለሚገኝ ስለ አንዱም ምንም አይናገርም። አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ «በኦቨርሎክና በሲንገር ማሽን ለ14 ወር ሠርቻለሁ» ብትል ግን ቀጣሪው የት እንደሚመድባት ወዲያው ያውቃል። በሐርቡ ገበያ የቤተሰቡን ሱቅ ሒሳብ ሲይዝ የኖረ ተመራቂም ይህን መጻፍ ይገባዋል። በልምድ ዓመት ላይቆጠርለት ይችላል፤ በቃለ መጠይቅ ግን የሚያወራው ነገር ይሰጠዋል።

የሚቆጠረው ልምድ ማስረጃ ያለው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ከሥራ ሲለቁ ይህን ወረቀት ሳይይዙ መውጣት በኋላ ዋጋ ያስከፍላል። በርካታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃሉ።

በአካባቢው የብዙ ሰው የሥራ ታሪክ 2014 ዓ.ም. ላይ ይቋረጣል። በዓመቱ መጀመሪያ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ፋብሪካዎች ቆመዋል፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል አስወጥታለች። ይህን ክፍተት በሐሰት ቀን መሸፈን አያስፈልግም፤ «ድርጅቱ ሥራ በማቆሙ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል፤ የአካባቢው ቀጣሪም ያውቀዋል።

የዘመን አቆጣጠር ሌላ ወጥመድ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በእንግሊዝኛ ሲቪ ላይ 2023 ብሎ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ አንባቢው ከእውነቱ ስምንት ዓመት ያህል ቀድሞ የተመረቀ ይመስለዋል። ስምም እንዲሁ ነው። ወሎ ውስጥ የሚበዛው መሐመድ በእንግሊዝኛ ሦስትና አራት ዓይነት አጻጻፍ ስላለው፣ በሲቪው፣ በትራንስክሪፕቱና በመታወቂያው ላይ አንድ ዓይነት መሆን ይኖርበታል። ሲቪው የሚጻፍበት ቋንቋ ማስታወቂያው የወጣበት ቢሆን ይመረጣል።

ሃይማኖት፣ ብሔርና የጋብቻ ሁኔታ ከሥራው ጋር ስለማይገናኙ ካልተጠየቁ ይቀራሉ። ማንበብና እግር ኳስ መውደድም ቦታ ከማጣበብ ሌላ ጥቅም የላቸውም። ለምስክርነት የሚጠቀስ ሰው ስልኩ ከመጻፉ በፊት ፈቃዱ ይጠየቃል፤ ድንገት የተደወለለት የቀድሞ አለቃ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው።

በአካል ሲቀርብ ኦሪጅናሉ ለማመሳከር፣ ፎቶ ኮፒው ለመተው ይያዛል። በኢሜይል ሲላክ በፒዲኤፍ ሆኖ የፋይሉ ስም የአመልካቹን ሙሉ ስምና የሥራ መደቡን ይይዛል። የተጻፈው ስልክ ቁጥርም እስከ ጥሪው ቀን የሚሠራ መሆን አለበት፤ አንዱ ኔትወርክ ባያገኝ ሁለተኛ ቁጥር ይጨመራል።